ጀሶው የልጁን ጉልበት ሲያስር

ጀሶው ስሙ አይደለም፤ ግን በመዝገብ ስሙ ቢጠሩት እሱ ራሱ ዞር ብሎ የሚያይ አይመስልም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከራጅ ክፍሉ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ የተሰበረ እጅና እግር በጀሶ ሲያስር ኖሯል። ጫማው ነጭ፣ የሱሪው ጫፍ ነጭ፣ የጆሮው እጥፋት ሳይቀር ነጭ ነው። ሚስቱ ቤት ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጥቁር ጨርቅ በያዘች ቀን ወደ ስፌት መኪናዋ ድርሽ እንዲል አትፈቅድለትም።

ሥራውን ያውቃል፤ ይህን ማንም አይክደውም። የጀሶውን ጥቅል ለብ ባለ ውሃ ነክሮ አረፋው እስኪያቆም ይጠብቃል፣ ጫፍና ጫፉን ይዞ ቀስ አድርጎ ይጨምቃል፣ ከዚያ በጥጡ ላይ ያንከባልለዋል። ሲያስተካክለው በመዳፉ ነው እንጂ በጣቱ አይጫንም፤ ጣት ያረፈበት ቦታ ሲደርቅ ጎድጉዶ ቆዳ ይበላል። ጀሶ መቁረጫው መጋዝ ሲነሳ ቤቱን በእሪታ የሚያናውጥ ሕፃን ከገጠመው መጋዙን መጀመሪያ በራሱ መዳፍ ላይ ያስኬደዋል። "አየህ? ይጮኻል እንጂ አይናከስም፤ ልክ እንደ ባለቤቴ" ይል ነበር። ሚስቱ ይህን ቀልድ አንድ ቀን በጆሮዋ ሰማችው፤ ከዚያ ወዲህ "ልክ እንደ አለቃዬ" ሆኗል።

የሰፈሩ ሰው ሆስፒታል ከመሄዱ በፊት እሱ ቤት ነው የሚመጣው። ኳስ ሲራገጥ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት፣ ከአጥር ላይ ወድቆ እጁን የተመታ፣ ሁሉም እያነከሰም እያለቀሰም ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣል። ጀሶው ይዳስሳል፣ ያጥፋል፣ ይዘረጋል። "ይሄ ስብራት አይደለም፣ በረዶ ያዙበት" ይላል፤ ወይም "ነገ ጠዋት በጊዜ ይዛችሁት ኑ" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። አበሳውም የመጣው ከዚሁ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ልክ የሆነ ሰው እንደሚሳሳት ማን ይነግረዋል? ቢነግሩትስ መቼ ይሰማል?

ያለችው ልጅ አንድ ናት። ሚጣ ይሏታል። ስሙ የወጣላት በአንድ ክንድ ትታቀፍ በነበረ ጊዜ ነው፤ አሁን በአሥራ ሁለት ዓመቷ አባቷን በቁመት ልትደርስበት ሁለት ጣት ቀርቷታል። ደልደል ያለች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ እጇ ረጅም ናት። የትምህርት ቤቷ የቅርጫት ኳስ ቡድን እሷን ከቅርጫቱ ሥር ያቆምና የቀረውን ለፈጣሪ ይተወዋል። በአንድ ዓመት ሦስት ጫማ ጠቧታል።

አንድ ማክሰኞ ከልምምድ ስትመለስ ደረጃውን ቀኝ እግሯን እየጎተተች ወጣች። ጀሶው በር ላይ ቆሞ አያት።

"ምን ሆንሽ?"

"ያመኛል አባዬ።"

"ጉልበትሽን ነው?"

የሚጣ እጅ ከጭኗ ላይኛው ጫፍ ላይ ነበር፤ ቀስ ብላ ወደ ጉልበቷ አወረደችው። "አዎ" አለች።

እጇ ከየት ወደ የት እንደሄደ ልብ ያለ የለም። ጀሶው ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጉልበቷን በለመደ እጁ ዳሰሰው። አላበጠም፣ አያተኩስም፣ ሲጫኑትም ያን ያህል አያማትም። "እያደጉ ያሉ ልጆች ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በቀን አሥር አያለሁ" አለ። እውነቱን ነው፣ ያያል። ፋሻ አምጥቶ አሰረላት፤ አስተሳሰሩም የሚያምር ነበር።

ሳምንት አልፎም ማነከሷ ሳይተዋት ሲቀር፣ የሆስፒታል ሰው ብቻ የሚሠራውን ስሕተት ሠራ። ሌላ አባት ቢሆን ካርድ አውጥቶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ተጨቃጭቆም ቢሆን ዶክተር ፊት ያቀርባት ነበር፤ ዶክተርም ከእግር ጥፍሯ እስከ ወገቧ አገላብጦ ያያት ነበር። ጀሶው ግን ወረፋ ምን ሲደረግ ይጠብቃል? በምሳ ሰዓት በጓሮ በር አስገባትና ለራጅ ባለሙያው ወዳጁ "እስቲ ይቺን ጉልበት አንሳልኝ" አለው። ወዳጁ የዶክተር ወረቀት አልጠየቀም፤ ጉልበት አንሳ ተባለ፣ ጉልበት አነሳ። ጀሶው ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቶ ራሱ አነበበው። ጉልበቱ ንጹሕ ነበር። "ምንም የለሽም፣ ተጫወቺ" አላት።

ሚጣም ተጫወተች። ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በፊት አባቷ ጉልበቷን ጥብቅ አድርጎ ያስርላታል፣ እሷም ጥርሷን ነክሳ ትገባለች። ሳምንታት ሲያልፉ ቀኝ እግሯ ስትራመድ ወደ ውጭ መዞር ጀመረ። የቡድን ጓደኞቿ ዳክዬ ብለው ሳቁባት። ጀሶውም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበር፤ "ቀኝ እግርሽ ብቻውን ሌላ ሰፈር ሊሄድ ነው እንዴ?" ብሎ ቀልዶባታል። ድንቄም አዋቂ።

እንዲህ እያለ ሰባት ሳምንት ሞላ። የፍጻሜው ጨዋታ ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት ነበር። እናትየው ለቡድኑ በሙሉ አዲስ ሱሪ ስትሰፋ ሰንብታ፣ የገዛ ልጇን ሱሪ ለመጨረሻ አቆይታው ነበርና፣ በሁለት ሰዓት ላይ ሚጣን ወለሉ ላይ አቁማ የሱሪውን ጫፍ በመርፌ ቁልፍ ትይዝ ነበር። ቀኙ ረዘመባት። ፈታችው፣ እንደገና ያዘችው፤ አሁንም ቀኙ ጫማዋ ላይ ይተኛል። አስወለቀቻትና ሱሪውን ጠረጴዛ ላይ አነጠፈችው፤ ሁለቱን እግሮቹን ደርባ በሜትር ለካች። አልብሳት ደግማ ለካች። ከዚያ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ባሏን ጠራችው።

"ጨርቁ እኩል ነው" አለችው።

"እና?"

"ልጅቷ ናት እኩል ያልሆነችው።"

ጀሶው ሳቀ። "ቀጥ ብላ ስላልቆመች ነው። ሚጣ፣ ቀጥ በይ።"

"ቀጥ ብያለሁ እኮ አባዬ።"

"ሃያ ዓመት የሰው እግር ለክቻለሁ" አለች ሚስቱ። አልጮኸችም፤ እንዲያውም ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። "አንተ ማሰር ታውቃለህ፣ እኔ መለካት አውቃለሁ። ይሄ እግር አጥሯል።"

ጀሶው ሚስቱን አፍ ለማስያዝ ብሎ ሚጣን አልጋው ላይ በጀርባዋ አስተኛት። ተረከዟን በአንድ እጁ፣ ጉልበቷን በሌላው ይዞ ወደ ደረቷ አጠፈው። ጉልበቱ ወደ ደረቷ አልሄደም። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ፣ ማንም ሳያዞረው፣ በራሱ ጊዜ ወደ ውጭ ዞረ። መለሰና እንደገና አጠፈው፤ እንደገና ዞረ። ወደ ውስጥ ሊያዞረው ሲሞክር ጭራሽ እምቢ አለ፣ ሚጣም ከንፈሯን ነከሰች።

ይህን አይቶት ያውቃል። እሱ ያለበት ሆስፒታል ውስጥ የልጆች አጥንት የምታክም ዶክተር አለች፤ ተማሪ ሳለች ጀሶ እንዴት እንደሚጨመቅ ያሳያት እሱ ነው። የሚያነክስ ልጅ ሲመጣላት እግሩን እንዲህ ታጥፈዋለች። እግሩ በራሱ ወደ ውጭ ሲዞር ወሬዋን ታቆማለች፤ ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ የዚያ ልጅ እግር መሬት እንዲነካ አትፈቅድም። ጀሶው ባልዲውን ይዞ አጠገቧ ቆሞ ይህን ስድስት ሰባት ጊዜ አይቷል። የጭን አጥንት ድቡልቡል ራስ ከአንገቱ ጋር የሚያያዘው ገና በሚያድግ ለስላሳ ክፍል ነው፤ አንዳንድ ልጅ ላይ ይህ ክፍል ይደክምና ድቡልቡሉ ራስ እንደተንሻፈፈ የጠርሙስ ክዳን ወደ ጎን ይንሸራተታል። ሕመሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጉልበት ላይ ነው የሚሰማው። ዶክተሯ ይህንንም ለተማሪዎቿ ስትናገር ሰምቷል፤ በአንዱ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጥቷል።

ከሁሉም በላይ ያስታወሰው አንድ ግብ ጠባቂ ልጅ ነው። በገዛ እግሩ እያነከሰ ሆስፒታል መጥቶ፣ ተራውን ሲጠብቅ እርጥብ ወለል አንሸራተተው። የተንሻፈፈው አጥንት በዚያች አንዲት መንሸራተት ጨርሶ ለቀቀ፤ ደም የሚወስድለት ሥር ተቆረጠ፣ የአጥንቱ ራስም ቀስ በቀስ ሞቶ ተፈረካከሰ። ልጁ ዛሬ ሃያ ዓመቱ ነው፤ በምርኩዝ ይሄዳል።

"ልነሳ? ረፍዷል እኮ" አለች ሚጣ።

"አትነሺ።" የራሱን ድምፅ አላወቀውም። "እግርሽ መሬት እንዳይነካ። ትሰሚኛለሽ? ጣትሽ እንኳ እንዳይነካ።"

"ጨዋታው በአራት ሰዓት ነው። አሰልጣኛችን ትገድለኛለች።"

"ጨዋታ የለም።"

"ምንም የለሽም ብለኸኝ የለ?"

ሚስቱ አንዴ እሱን አንዴ ልጇን አየች፣ ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች፤ ምንም ሳትጠይቅ የምትሰፋበትን ወንበር ጎትታ ወደ አልጋው አስጠጋች። ባሏ እንዲህ ሆኖ አይታው ስለማታውቅ መጠየቁን ራሱን ፈርታው ነበር።

ከሁለተኛው ፎቅ እስከ ምድር ሠላሳ አራት ደረጃ ነው። ጀሶው ቁጥሩን ያወቀው ያን ዕለት ነው። ሚጣን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው፣ ቀኝ እግሯን በትራስ ደግፈው፣ ሚስቱ ከፊት የወንበሩን እግሮች፣ እሱ ከኋላ መደገፊያውን ይዘው መውረድ ጀመሩ። ልጅቷ ከባድ ናት። አምስተኛው ደረጃ ላይ ላብ አጠመቀው። የሚፈራው መውደቁን ብቻ አልነበረም፤ ሚስቱ እግሯ ቢከዳት፣ ሚጣ ደንግጣ እግሯን ዘርግታ ወለሉን ብትረግጥ፣ ወንበሩ ግድግዳውን ቢመታ፣ ሁሉም ታየው። ትናንት ይህንኑ ደረጃ እያነከሰችም ቢሆን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወርዳ ነበር። ከትናንት ወዲያም፣ ሰባቱን ሳምንት በሙሉ፤ በእያንዳንዱ ዝላይ ያ አጥንት ሊለቅ ይችል ነበር፣ እሱም "ጎበዝ" እያለ ቆሞ ይመለከት ነበር።

"አባዬ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል" አለች ሚጣ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር።

"ስለከበድሽኝ ነው።"

ምድር ሲደርሱ ታክሲ አስቁመው ከኋላ ወንበር ላይ ጋደም አደረጓት። ባለታክሲው ገና ሞተሩን ሳያስነሳ ጀሶው "እንቁላል ነው የጫንከው፣ በቀስታ" ብሎ ለመነው። ሰውየው ሳቅ ሊል ፈልጎ ፊቱን አየና ተወው። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ጀሶው ትንፋሹን ያዘ።

የዕለቱ ተረኛ ያቺው ዶክተር ነበረች። ኮሪደሩ ላይ ስታየው ፈገግ አለች፤ ወዲያው ፈገግታዋ ጠፋ።

"ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ፊትዎ እንደ ጀሶዎ ነጥቷል።"

"ልጄ ናት ዶክተር። ቀኝ ዳሌዋ። ሲታጠፍ ወደ ውጭ ይዞራል። አጥሯል።"

ዶክተሯ ሚጣን በአልጋ አስገባቻት። እግሯን አጠፈች፤ እግሩ ዞረ፤ እሷም ወሬዋን አቆመች። ጀሶው እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ተሳስቼ በሆነ ብሎ ሲማጸን ነበር። አሁን የሚማጸነው ነገር ጠፋው።

"ሚጣ፣ መጀመሪያ ያመመሽ የት ጋ ነው?" አለች ዶክተሯ።

ሚጣ አባቷን አየችው፣ ከዚያ ጣሪያውን። "አባዬ ይውጣ" አለች።

ጀሶው ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠራ ከታማሚ ፊት ውጣ ተብሎ አያውቅም። ወጣና ከመጋረጃው በስተጀርባ ቆመ። መጋረጃው ስስ ነበር።

"ብሽሽቴን ነው" ስትል ሰማት። "መጀመሪያ ብሽሽቴን ነበር ያመመኝ። ከዚያ ነው ወደ ጉልበቴ የወረደው።"

"ለምን አልተናገርሽም?"

"አባዬ 'ጉልበትሽን ነው?' አለኝ። ብሽሽቴን ነው ማለት አፈርኩ። ደግሞ... እሱ ያውቃል ብዬ ነው።"

ጀሶው ግድግዳውን ተደገፈ። ሚጣ ከፍ ከፍ ስትል ጊዜ እንደ ጨዋ አባት መጠንቀቅ ጀምሮ ነበር፤ ከጉልበቷ በላይ አይነካም፣ አይጠይቅም። የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ኖሮ ዶክተሯን ጠርቶ "እስቲ ዳሌዋንም ይዩልኝ" ይል ነበር። የራሱ ልጅ ስለሆነች አፈረ፤ እሷም አባቷ ስለሆነ አፈረች። ሁለቱ ተፋፍረው ሰባት ሳምንት ጤነኛ ጉልበት ሲያስሩ ከርመዋል።

ራጁን ያነሳው ያው የምሳ ሰዓት ወዳጁ ነው። የሁለቱንም ዳሌ ምስል አውጥቶ ሲያየው የሚገባበት ጠፋው። "እኔ እኮ ጉልበቷን ብቻ..." ብሎ ጀመረ።

"ያዘዝኩህ እኔ ነኝ" አለው ጀሶው።

ፊልሙን ለማንበብ የማንም እርዳታ አላስፈለገውም። የግራው ራስ በአንገቱ ላይ ደልደል ብሎ ተቀምጧል። የቀኙ ተንሻፏል፤ ብዙ ሳይሆን ሲሶ ያህል። ገና አለቀቀም። ዶክተሯ ሚስቱን አስጠርታ ለሁለቱም ነገረቻቸው፦ ዛሬውኑ ማደንዘዣ ትወስዳለች፣ የአጥንቱ ራስ ባለበት እንዲቆም አንድ ብሎን ይገባለታል፣ እንዳለ ይይዘዋል እንጂ ወደ ቦታው በግድ አይመለስም።

"ደሙስ?" አለ ጀሶው።

"እሱን ዛሬ አናውቅም ጋሼ። የደም ሥሩ ተጎድቶ ከሆነ አጥንቱ ቀስ በቀስ ነው የሚናገረው። በየጊዜው ራጅ እናነሳለን። ዓመት እንጠብቃለን።"

የፈቃድ ወረቀት ሰጠችው። ሲፈርሙ ያያቸው ወላጆች ስንት ናቸው? እጃቸው ሲያመነታ "ግድ የለም፣ ቀላል ነገር ነው" እያለ እስክሪብቶ ያቀበለው ስንቱን ነው? አሁን ለእሱ ማን ያቀብለው? የራሱን ስም ሁለት ጊዜ አበላሽቶ ጻፈው።

ከቀዶ ጥገናው ክፍል ውጭ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከሚስቱ ጋር ተቀመጠ። በዚያ በር መግባት መውጣት እንጂ ፊት ለፊቱ መቀመጥ አያውቅም ነበር። ሚጣ በምርኩዝ ስትሄድ ታየችው፤ ከቅርጫቱ ሥር ቆማ ሳይሆን ጥግ ተቀምጣ ሌሎቹን ስታይ ታየችው። ሰው የሌለበት ቦታ ቢያገኝ ይጮህ ነበር። ሚስቱ እንድትሰድበው ጠበቀ፤ ብትሰድበው ደስ ባለው።

"እኔም ጋ መጥታ ነበር" አለች ሚስቱ በመጨረሻ፣ መሬት መሬቱን እያየች። "'እማዬ፣ ከላይም ያመኛል' አለችኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር። 'አባትሽን ጠይቂ' አልኳት።"

ጀሶው ዞሮ አያት። እሷ እጁን ያዘችው፣ እሱም በሩን እያየ ጠበቀ።

ዶክተሯ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣች። ብሎኑ በደንብ ገብቷል። ስድስት ሳምንት በክራንች፣ ቀኝ እግሯ ክብደት ሳይሸከም። ከዚያም ጣቷን ወደ ጀሶው ቀሰረች፤ ታናሹ ብትሆንም በዚያች ሰዓት አለቃው መሰለች። "አንድ ነገር ልንገርዎት። አንዱ ዳሌ የተንሸራተተበት ልጅ ሌላኛውም ሊከተል ይችላል። ግራውን ትንሽ እንኳ ካመማት፣ የዚያኑ ዕለት። ፋሻ የለም፣ ነገ የለም።"

ሐኪም እንዲህ ብሎት እንቅልፍ የሚወስደው አባት ካለ እሱ ድንጋይ ነው። ጀሶው ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም አጣ። ክራንቹ ወለሉን ሲመታ ጆሮውን ያቆማል፣ መምታቱን ሲያቆም ልቡ ይቆማል። ሚጣ ኩሽና ለመሄድ ስትነሳ ከኋላዋ ይነሳል። "አባዬ፣ ሽንት ቤት ነው የምሄደው" ትለዋለች፤ በሩ ድረስ ሸኝቷት ይመለሳል። ሥራ ቦታ ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። ማነከስ ያለበት ልጅ ይቅርና አውራ ጣቱን በር የቆረጠመውን ልጅ አስተኝቶ ዳሌውን ሲያዞር፣ የልጁ እናት "ጣቱን ነው እኮ ያልኩዎት" ብላ ተቆጥታዋለች።

ይቅርታ ሊጠይቃትም አስቦ ነበር። አምስት ጊዜ ያህል አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። "ሚጣ" ይላል። "ወይ አባዬ" ትለዋለች። "ዳቦ ላምጣልሽ?" ይላል። በስድስተኛው ቀን ሚጣ ራሷ ጀመረችው።

"መጋረጃው ጀርባ ቆመህ እንደነበር አውቃለሁ። ጫማህ ይታይ ነበር።"

ጀሶው አንገቱን ደፋ። "ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "አንቺ ልጅ ነሽ። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ጉልበትሽን ነው ወይ ብዬ በአፍሽ ያስገባሁት እኔ ነኝ።" እንባው መጣና አልከለከለውም።

"ዳቦውን አምጣልኝ በቃ" አለችው።

የመጀመሪያው ራጅ በሁለተኛው ወር ተነሳ፤ ገና ምንም አይታወቅም ተባለ። በአራተኛው ወር የተነሳውም እንዲሁ። የስድስተኛው ወር ፊልም ሲወጣ ጀሶው ከሁሉም ቀድሞ መስኮት ላይ ይዘረጋል ሲባል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ። ዶክተሯ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ይዩት ጋሼ" አለች።

"ይንገሩኝ።"

"ድቡልቡል ነው። አልተፈረካከሰም፣ አልሰመጠም። እስካሁን ሕያው ነው።"

"እስካሁን" የሚለውን ቃል ጀሶው ሰምቶታል፣ አልረሳውምም፤ ግን ያን ቀን እየተራመደ ሳይሆን እየተንሳፈፈ ነው ቤቱ የገባው። ሚጣ ያለ ክራንች መሄድ ከጀመረች ሰንብታለች። ቀኝ እግሯ ትንሽ አጭር ነው፣ ወደ ውጭም ትንሽ ይዞራል፤ እናቷ ሱሪዋን በዚያ ልክ ትሰፋላታለች። መጫወት ገና አልተፈቀደላትም። ግን ከልምምድ አልቀረችም፤ ከሜዳው ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነጥብ ትመዘግባለች፣ ያገባችውንም የሳተችውንም ትሰድባለች።

አንድ ሐሙስ ጀሶው ከሥራ ወጥቶ ሊወስዳት ሄደ። ልምምዱ አልቆ ነበር። ልጆቹ ጫማቸውን እየፈቱ ይንጫጫሉ፣ አሰልጣኟ ኳሶቹን ትሰበስባለች። ሌላ ቀን ሚጣ በሩ ላይ ስታየው ተነስታ ትመጣ ነበር። አሁን አልተነሳችም። ሁለቱን እጆቿን ወንበሩ ላይ ተክላ፣ ግራ እግሯን ከመሬት ከፍ አድርጋ ይዛ ተቀምጣለች። ጀሶው ገና ከሩቅ ያቺን በአየር ላይ የተንጠለጠለች እግር አያት። ሜዳውን እንዴት እንዳቋረጠው አያውቅም።

"አባዬ" አለች ሚጣ፤ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። "ግራ ብሽሽቴን ያመኛል። ጉልበቴን አይደለም፣ ብሽሽቴን ነው።"

ጫማ ሲፈቱ የነበሩት ልጆች ሁሉ ዞረው አዩ። አሰልጣኟም ኳሱን እንደያዘች ቆመች። ሚጣ ፊቷ ቀልቷል፣ ዓይኗ ግን ከአባቷ ላይ አልተነሳም።

ጀሶው ከፊቷ ተንበረከከ። "ከመቼ ጀምሮ?" አላት።

"ከምሳ በኋላ። ደረጃ ስወርድ ጀመረኝ። ከዚያ ጓደኞቼ ደግፈው እዚህ አስቀመጡኝ፣ አልረገጥኩበትም።"

ሰዓቱን አየ። አሥር ሰዓት ተኩል ነበር።

"ፈርተሻል?" አላት።

"በጣም።"

"እኔም" አላት፤ አንድ እጁን ከተንጠለጠለችው እግር ሥር አድርጎ እየደገፈ፣ በሌላው ዶክተሯ ጋ ደወለ።